ከአረንጓዴው ቆርቆሮ ስር

ጣሪያ የሌለውን ቤት በየምሽቱ የሚቆልፍ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ያ ሰው አእምሮውን ስቷል፣ ወይ እትዬ ቁልፍ ናት። ሰፈሩ ነገሩን ከለመደው ቆይቷል። የቤተ ክርስቲያኑን ከባድ በር ጎትታ፣ ክንድ የሚያህለውን ቁልፍ ሰክታ፣ ቀጭ አድርጋ ታዞርና፣ መዘጋቱን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ሳታረጋግጥ ወደ ቤቷ አትሄድም። በሩ ጥርቅም ብሏል። ከበሩ በላይ ያለው ሰማይ ግን ወለል ብሎ ክፍት ነው። ርግብ ይገባል፣ ርግብ ይወጣል፤ ዝናቡም ሲያሰኘው ሳያንኳኳ ዘው ይላል። አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪው፣ ሌባው ከላይ ቢመጣስ ብሎ ሊያሾፍባት ሞከረ። ከላይ የሚመጣ ከሆነ የሚፈልገው እኔን ሳይሆን አንተን ነው አለችውና አፉን አስያዘችው።

ጣሪያውን ጦርነቱ ወስዶት ቢሆን ኖሮ ማንንም አይደንቀውም። ጦርነቱ በዚያ ሰፈር ሁለት ጊዜ ነው ያለፈው፤ አንዴ ሲሄድ፣ አንዴ ሲመለስ። ሲሄድ መስኮት ሰበረ፣ ሲመለስ የቤቶቹን ጣሪያ እንደ ድስት ክዳን እያነሳ ወረወረው። ሰውም ወሰደ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከአጥሩ ስር፣ ባሎችና ወንድ ልጆች፣ አንዳንድ ቦታም እናቶች፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋድመዋል። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ግን፣ ጥጉን ከመቧጨር በቀር፣ ምንም አልነካውም። ያፈረሰችው ራሷ እትዬ ቁልፍ ናት። በገዛ እጇ፣ በባሏ ጉጠት፣ ምስማር በምስማር።

ነገሩ የሚከብደው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ያንን ጣሪያ የመታው ባሏ ነው። በከተማው ጣሪያ የሚመታ ሰው ሞልቷል፤ “ጣሪያ መቺው” ከተባለ ግን እሱ ነው። በዕድሜው ከሠራው ሥራ ሁሉ የሚኮራው በዚህኛው ነበር። ቆርቆሮውን አረንጓዴ የቀባው እሱ፣ ደርድሮ የመታውም እሱ። ሥራው ሊያልቅ ሲል እሷ ከታች ሆና “ምሳ ደርሷል፣ ውረድ!” ብላ ስትጮህበት መዶሻው ሳተና አንዱን ቆርቆሮ ስርጉድ አደረገው። የእግዚአብሔርን ጣሪያ አስጎደጎድሽኝ ብሎ ያን ቀን አኩርፏት ዋለ። ኋላ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር አንጋጦ ያቺን ስርጉድ እያሳየ፣ ይህቺ የሚስቴ ፊርማ ናት ማለት ጀመረ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ጀሪካን ይዞ ወደ ውሃ ወረፋ ወጣ። የከባድ መሣሪያ አረር ወረፋው መሐል ወደቀ። ጀሪካኑን ጎረቤት መልሶ አመጣላት፤ እሱ አልተመለሰም።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ የሰፈሩ ቤቶች ራቁታቸውን ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ፣ ባሏንም ወንድሟንም በአንድ ቀን የቀበረችው፣ ልጆቿን አልጋ ላይ ደርድራ ራሷ ጃንጥላ ይዛላቸው ስትቆም እትዬ ቁልፍ በዓይኗ አየች። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ገብታ መጸለይ አቃታት። ባንጋጠጠች ቁጥር ያ ደረቅ አረንጓዴ ጣሪያ ባዶ ወንበር ሸፍኖ ይታያታል። ሲብስባት ወደ አባ ሄደች። አባ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ናቸው፤ ሰው ማስቀየም የማይሆንላቸው፣ “አይሆንም” ማለት ሲኖርባቸው ሳል የሚይዛቸው ሰው። ገና አፏን ስትከፍት ነገሩ ገባቸውና እጃቸውን አነሱ።

“እኔን አትጠይቂኝ” አሉ። “ከጠየቅሽኝ አይሆንም ማለት አለብኝ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ካልጠየቅሽኝ ግን መሰላሉ ከደወሉ ማማ ስር ነው ያለው። ወገቤን ስለሚያመኝ ከታች ሆኜ ልያዝልሽ።”

ያዙላትም። እሷ ላይ ሆና ምስማር ስትነቅል አባ ከታች መሰላሉን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ፤ ኋላ ቢጠየቁ አላየሁም ለማለት እንዲመቻቸው ነው። ምስማሩ በተነቀለ ቁጥር ሲጥ ይላል፣ እሷም አብራ ታለቅሳለች። ባሏ ቀጥ አድርጎ የመታውን እሷ እያጣመመች ማውጣቷ ሰውየውን ዳግመኛ የመቅበር ያህል ሆነባት። ግን አላቆመችም። መጀመሪያ ለልብስ ሰፊዋ፣ ቀጥሎ አልጋ ላይ ለዋለው ለጡረተኛው ፖስተኛ፣ ከዚያ ለዳቦ ጋጋሪው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ጣሪያው በየቤቱ ተዳረሰ። ለራሷ የወሰደችው አንድ ብቻ ነው፤ ከአልጋዋ በላይ ያለውን ቀዳዳ የሸፈነችበት። ያቺን ባለ ስርጉዷን። ዝናብ ሲመታት ከሌላው ቆርቆሮ ወፈር ያለ፣ ዱብ የሚል ድምፅ አላት። እትዬ ቁልፍ እንቅልፍ የሚወስዳት እሷን እየሰማች ነው።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ አባ አላስተማሩትም፣ እትዬ ቁልፍም አላዘዘችም። ከአረንጓዴው ቆርቆሮ ስር መጣላት ነውር ሆነ። ጣሪያው የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ከስሩ ያለውም ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ሰዉ በራሱ ደመደመ። ከስሩ ሲደርሱ ባርኔጣ ይወልቃል። ስድብ የለም። ሐሜት ያማረው ሰው ወንበሩን ይዞ ቆርቆሮው ወደማይደርስበት ጥግ ፈቀቅ ይላል። ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ ሳይጨቃጨቁ ውለው አያውቁም፤ አሁን ግን ነገር ሲነሳ “ውጣ እንነጋገር!”፣ “አንቺ ቅደሚ!” እየተባባሉ ወደ ጓሮ ይወጡና፣ የልባቸውን ተባብለው፣ ተመልሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዝናብ ያለ ቀን ጭቅጭቁ ያጥራል። ሚስትየው ትዳሬን ያቆመልኝ ጣሪያ ነው እያለች ታወራለች።

ጸሎቱም በዚያው መንገድ ሄደ። ሰማዩ ደህና ሲሆን በግቢው፣ ዝናብ ሲሆን በየተራ በየቤቱ። ከቆርቆሮው ስር የቻለው ይገባል፣ ያልቻለው በር ላይ ይቆማል። ተራው የፖስተኛው ሲሆን አልጋው ላይ እንደተጋደመ መጽሐፍ እሱ ነው የሚያነበው፤ በጤናው ዘመን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያንቀላፋ የነበረ ሰው። ሐዘኑ አልቀረላቸውም፤ ግን ሐዘናቸውን አንድ ላይ የሚያስቀምጡበት ቦታ ነበራቸው።

እንዲህ ኑሯቸውን ይዘው ሳለ ከበላይ ጽሕፈት ቤት ስልክ ተደወለ። በሩቅ አገር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት በጦርነቱ ለተጎዱት ቆርቆሮ፣ ምስማርና እንጨት ልከዋል። እልል የሚያሰኝ ዜና ነው፤ መዘዙ ግን ቀጥሎ መጣ። ዕርዳታው ለሁሉም ስለማይደርስ አገልግሎት ላይ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ይጠገናሉ፣ የተዘጉት ከጎረቤታቸው ጋር ይቀላቀላሉ። ይህኛው ቢዘጋ የሚቀላቀለው ከድልድዩ ማዶ ካለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጋር ነው። ፖስተኛው ድልድይ ሊሻገር ቀርቶ ከአልጋው አይወርድም። የሰፈሩ አዛውንቶች ጉልበትም እዚያ አያደርስም። ግቢው ለሌላ ቢሰጥ ደግሞ እነዚያ ከአጥሩ ስር የተጋደሙት በማን እጅ እንደሚወድቁ ማን ያውቃል? የደወለው ሰው አባን ጣሪያ አላችሁ ወይ አላቸው። አባ መዋሸት አይሆንላቸውም። ሳሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አለን፣ ግን ለጊዜው ቦታው ላይ የለም አሉት። ሰውየው እሑድ ጠዋት መጥተን በዓይናችን እናያለን አለ።

እትዬ ቁልፍ ይህን ስትሰማ ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ጣሪያውን የነቀለችው እሷ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቢዘጋ የዘጋችው እሷ መሆኗ ነው። እህል አልወርድላት አለ። ስትብሰለሰል ሰንብታ ሰንብታ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት። እንግዶቹን ባዶው ሕንፃ ውስጥ አታስገባቸውም፤ በቀጥታ ወደ ደወሉ ማማ ታወጣቸዋለች። ከማማው ላይ ሲታይ ሰፈሩ ላስቲክና ዝገት ነው፤ በመሐሉ ግን እዚህም እዚያም አረንጓዴ ቆርቆሮ ብልጭ ይላል። ያን እያሳየች፣ “ቤተ ክርስቲያናችን ይኸውላችሁ፤ ሰፋ እንጂ አልተዘጋም” ልትላቸው ነው። ንግግሩን ድስት ስታጥብ ተለማመደችው፣ አልጋ ስታነጥፍ ተለማመደችው። ሌላ መከራከሪያ የላትም። ስህተቷ ታዲያ ሐሳቡን ለማንም አለመንገሯ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንግዶቹ የሚረግጡት ደህና ምንጣፍ ልትዋስ ድልድዩን ተሻገረች። ስትመለስ ሰማዩ ጠቁሯል። ድልድዩ መሐል ላይ አንድ ድምፅ ሰማችና ቀጥ አለች። የመዶሻ ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚያርፍ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል እንዲህ ያለ ድምፅ መጥቶ አያውቅም። ለአፍታ፣ ምኑም ሳይገባት፣ ደስ አላት። ከዚያ ቀልቧ ሲመለስ ምንጣፉን ታቅፋ መሮጥ ጀመረች።

ግቢው ገበያ መስሏል። የሰፈሩ ሰው ቆርቆሮውን ከየቤቱ ነቅሎ፣ በራሱም በትከሻውም በጋሪም ተሸክሞ አምጥቶታል። ወራጁና ማገሩ ድሮውንም ስላልተነካ አብዛኛው ተመልሶ ተመትቷል፤ መመታት ከተባለ። ዳቦ ጋጋሪው፣ መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው፣ ዱቄት እንደለበሰ ጣሪያው ጫፍ ላይ ተፈናጦ ምስማር ያጎብጣል። ልብስ ሰፊዋ ማገር ላይ ቆማ ምስማሮቹን እንደ መርፌ በከንፈሯ ይዛለች። አባ ሦስተኛ መሰላል ይዘው፣ ለማን እንደሚይዙት ግራ ገብቷቸው ይዞራሉ።

“ምን እየሠራችሁ ነው?” አለች እትዬ ቁልፍ።

“እንዳይዘጋብን ነዋ፣ እትዬ” አለ ዳቦ ጋጋሪው ከላይ። “ጣሪያ የለም ብለው አይደል ሊዘጉት የሚመጡት? ይኸው ጣሪያ።”

እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ነገ ከማማው ላይ የምታሳየው አረንጓዴ አለቀ፤ ያ ሁሉ የተለማመደችው ንግግር ውሃ በላው። ይህን ማስረዳት ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን ቁጣ ብቻ ነበር። ሰማዩን አታዩም ወይ፣ ልጆቹን የት ልታደርጓቸው ነው፣ መልሱ፣ አሁኑኑ ወስዳችሁ መልሱ አለቻቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። መዶሻው ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊዋ ምስማሮቹን ከአፏ አውጥታ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ መለሰችላት።

“አንቺ የባልሽን ጣሪያ ነቅለሽ ስትሰጪን እኛ ከለከልንሽ?”

እትዬ ቁልፍ ወደ ልብስ ሰፊዋ እንዳንጋጠጠች የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዋ ላይ አረፈ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ግርግር ተነግሮ አያልቅም። ቤቶቹ ክፍት ናቸው፤ ሰፈሩ ያለው ጣሪያ አንድ ነው። ፍራሽ በራስ ላይ፣ ሕፃን በጀርባ፣ ድስት በእጅ እየተያዘ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጎረፈ። ፖስተኛው ከነአልጋው በሰው ትከሻ ተጭኖ፣ ለዓመታት ያላየውን መንገድ ግራና ቀኝ እየቃኘ፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እጁን እያውለበለበ ገባ። የስፌት መኪናው ገባ፣ የዱቄት ጆንያ ገባ፣ ዶሮም ገባ። አባ በር ላይ ቆመው ለገባው ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ፤ ለዶሮዎቹም ሳይቀር።

ሁሉም ከገባ በኋላ ነው አንድ ነገር የታየው። መሐል ላይ፣ ከመንበሩ ፊት ለፊት፣ የአንድ ቆርቆሮ ክፍተት አለ። ዝናቡ በዚያ በኩል ይንዶለዶላል፤ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቶ ወደ ፍራሾቹ እየሄደ ነው። ሰዉ ፍራሹን ወደ ዳር ሳበ፣ ወንበሩን ገፋ፤ ቆርቆሮ አምጡ ያለ አልነበረም። የማን ቆርቆሮ እንደጎደለ ግን ሁሉም ያውቃል።

“የአንቺን አልነካነውም፣ እትዬ” አለ ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ደፍቶ። “እሱ የአንቺ ነው።”

በዝናቡ ወጣች። ቤቷ ደርሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና አንጋጠጠች። ዱብ፣ ዱብ ይላል። ከባሏ የቀራት ልብሱ ነው፣ እሱንም ለቸገረው ሰጥታዋለች፤ ጉጠቱና መዶሻው ነው፣ እነሱ ዕቃ ናቸው። ይህቺ ስርጉድ ግን ሌላ ናት። እሷ ስትጣራ እሱ ሲደነግጥ፣ የሁለቱም እጅ ያለባት ናት። ያለ እሷ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ታውቃለች። እነዚያ ሰዎች ቢጠይቋት ኖሮ እምቢ ትላቸው ነበር፣ ተናድዳ እምቢ ትላቸው ነበር። አለመጠየቃቸው ነው አንጀቷን የበላት። ተነስታ ጉጠቱን አወረደች። ምስማሩ ሲነቀል ሲጥ አለ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አላለቀሰችም። ዝናቡ አልጋዋ ላይ ሲወርድ ዞር ብላም አላየችው።

ቆርቆሮውን ራሷ ላይ አድርጋ በዝናቡ ስትመጣ ሰዉ በር ላይ ወጥቶ መንገድ ለቀቀላት። ዳቦ ጋጋሪው እኔ ልውጣ አለ፤ አንተ ከሠራኸው ይበቃል አለችው። አባ መሰላሉን ያዙ። እሷ ወጥታ፣ ቆርቆሮውን ዘርግታ፣ ባሏ እንደሚያደርገው በጉልበቷ ተጭና ስትመታ አባ ከታች ሆነው ያዩአት ነበር። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። የመጨረሻው ምስማር ሲገባ ከውስጥ እልልታ ተሰማ። ሐዘን ከገባ ወዲህ በሰፈሩ እልልታ ተሰምቶ አያውቅም ነበርና መጀመሪያ ያሰሙት ሴቶች ራሳቸው ደነገጡ። ከዚያ ደገሙት።

ያ ምሽት ለሰፈሩ አዲስ ነገር ነበር፤ የሚጣላ ሰው አልነበረም። ሁሉም ከአረንጓዴው ቆርቆሮ ስር ነው፣ የት ይሂድ? ዳቦ ጋጋሪው አንዱን ጆንያ ክፍቱ ቤት ውስጥ ረስቶ ዱቄቱ ሊጥ ሆኗል። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ባልና ሚስቱን ሲያንገበግባቸው አደረ። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ጀርባ ለጀርባ ተኝተው፣ ቃል ሳይወጣቸው ነጋ።

ጠዋት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ የእንግዶቹ መኪና ጭቃውን እየረገጠ ግቢው ውስጥ ገባ። የበላይ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሲወርድ በመጀመሪያ ያየው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባልና ሚስት፣ ከደረቁ ቤተ ክርስቲያን በር ትንሽ ራቅ ብለው፣ ውሃ እየወረደባቸው ይጨቃጨቃሉ። “ሁለተኛውን ጆንያ አንሳ አላልኩህም?” ትላለች፤ “እኔ ጣሪያ ላይ ነበርኩ!” ይላል። እትዬ ቁልፍ ከበሩ ሆና ስታያቸው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ኃላፊው ቀረብ ብሎ ለምን ወደ ውስጥ እንደማይገቡ ጠየቃቸው።

“ልንጨርስ ነው፣ ጌታዬ” አለች የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ፊቷን በእጇ እየጠረገች። “ከጣሪያው ስር መጨቃጨቅ ስለማይቻል ነው። እርስዎ ይግቡ፣ ይበርድዎታል።”

ኃላፊው ምን ይበል? ጃንጥላውን ትቶላቸው ገባ። ጣሪያ የሌለው ባዶ ሕንፃ ሊያይ ነበር የመጣው። ያገኘው እግር መጣያ የሌለው ቤት ነው። ሰዉ በፍራሽና በፍራሽ መሐል ቆሟል፤ መንበሩ ፊት አባ ጸሎት ጀምረዋል፤ ፖስተኛው አልጋው ላይ ቀና ብሎ ያነባል፤ ሕዝቡ ተቀብሎ ሲመልስ ግድግዳው ይነዝራል። እንግዶቹ የሚቆሙበት ጠፍቶ ከስፌት መኪናው ጎን ተጠጉ። የተዋሰችው ምንጣፍ ሕፃናት ተኝተውበታል። ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል ባልና ሚስቱ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ኃላፊው ዞር ብሎ አያቸውና ከንፈሩን ነከሰ።

ሲያበቃ እትዬ ቁልፍ ወደ ማማው ወሰደችው። ምን እንደምታሳየው አታውቅም፤ ሐሳቧ ከዚያ ሌላ ስላልነበረ ብቻ ነው። አባም እያለከለኩ ተከተሏቸው። ከላይ ሲደርሱ ዝናቡ አቁሟል። ሰፈሩ ከስራቸው ተዘርግቷል፤ አንድም አረንጓዴ የለም። ኃላፊው የሚያየው ከላይ እስከ ታች ውስጡ የሚታይ ቤት ነው፤ የራሰ አልጋ፣ ውሃ የሞላ ድስት።

“እነዚህ ቤቶች የማን ናቸው?” አለ።

“ያ የልብስ ሰፊዋ ነው። ያ የፖስተኛው። ያኛው፣ ሊጡ የሚታየው፣ የእነዚያ በር ላይ ያገኘሃቸው ነው። ያቺ ጥግ ላይ ያለችው የእኔ ናት።” ሳታስበው እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

“ጣሪያቸውስ የት ሄደ?”

“ከእግርህ ስር ነው።”

አጎንብሶ አየ። የተጣመመ ምስማር፣ ቦታውን የሳተ ቆርቆሮ፣ የኩሽና ጥላሸት ያለበት ቆርቆሮ። እትዬ ቁልፍ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው፤ መንቀሏን፣ ነውሩን፣ ትናንት የሆነውን። የተለማመደችው ንግግር ትዝም አላላት። ሲሰማ ቆይቶ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ ጠርጎ ከጨረሰ በኋላም ቶሎ አላደረገውም።

“እናቴ፣ ችግር አለብን” አለ። “የመጣው ቆርቆሮ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ብቻ ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጣሪያ አለው።”

“ስለዚህ ይዘጋል?” አለች።

“ይህንን? ይህንን ማን ደፍሮ ይዘጋዋል? አይዘጋም። እኔን የቸገረኝ ቆርቆሮውን ለእነዚያ ቤቶች ምን ብዬ እንደምሰጥ ነው።”

እትዬ ቁልፍ የማማውን ግድግዳ ተደግፋ እፎይ አለች። ልትስቅም ልታለቅስም ሲዳዳት ከኋላቸው ሳል መጣ። አባ ናቸው። ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም።

“ልጄ” አሉት፣ “አንተን አንጠይቅህም። ከጠየቅንህ አይሆንም ማለት አለብህ። ደንቡ እንደዚያ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ብቻ ላክልን፤ የት እንደምንመታው እኛ እናውቃለን።”

ኃላፊው አባን አያቸው፣ እትዬ ቁልፍን አያት፣ ሳቁን ሊይዘው ሞክሮ አቃተው። መሰላል አላችሁ ወይ አለ። እኔ እይዛለሁ አሉ አባ።

መኪናው ቆርቆሮውን ጭኖ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ተቀበለው። ሰዉ ግን በአንድ ነገር አስቸገረ። አዲሱ ቆርቆሮ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነው ተብሎ የመጣ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ቤት አይሄድም አለ። ስለዚህ ቆርቆሮው ሁሉ መጀመሪያ አረንጓዴ ተቀባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋር ተደግፎ የእሑድ ጸሎት አብሮ ሰማ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደየቤቱ የተወሰደው። አሁን የዳቦ ጋጋሪው ቤት ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነው፤ ኩሽናው ሳይቀር። ሚስትየው ድሮ ቢያንስ አንድ ጥግ ነበረን እያለች ታማርራለች። ዳቦ ጋጋሪው በተራው ጓሮው ላይ ሁለት በርጩማ አስቀመጠ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከአሮጌው ቆርቆሮ ጋር ቀረ። ለመለወጥ የፈለገ አልነበረም። በጸሎት መሐል ቀና ያለ ሰው ጥላሸቱን አይቶ ይህ የፖስተኛው ነው፣ መብራት የተንጠለጠለበትን ምስማር አይቶ ያ የልብስ ሰፊዋ ነው ይላል። እትዬ ቁልፍ ዛሬም ማታ ማታ በሩን ትቆልፋለች፤ የሚያሾፍባት ግን የለም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ዝናብ ጣለ። ጸሎቱ መሐል ላይ ነበር። ጣሪያው በሙሉ ተንጫጫና የአባ ድምፅ ጠፋ፤ እሳቸውም ዝናቡ እስኪረጋ ብለው ዝም አሉ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ፣ ከመንበሩ ፊት ለፊት፣ አንዱ ቆርቆሮ ብቻውን ወፈር ባለ ድምፅ ዱብ ይላል። ዱብ፣ ዱብ። የሚያውቁት ሁሉ ወደ እትዬ ቁልፍ ዞሩ። ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻት። እትዬ ቁልፍ አላለቀሰችም። አንገቷን ወደ ባለ ስርጉዷ ቀና አድርጋ፣ ፊቷ እያበራ፣ ቤቱ ሞልቶ እየሰማት፣

“ምሳ ገና ነው” አለችው። “እዚያው ቆይ።”